ያልተነበበው ዳውላ

ከጮቄ ተራራ ወረድ ብሎ፣ ጤፉም ገብሱም በሚበቅልበት አገር አንዲት ባለርስት እመቤት ነበሩ። ሰው ሁሉ «እሜቴ» ይላቸዋል። ባላቸው ሞተዋል፤ ልጆቻቸው በየአገሩ ተበትነዋል። ዕድሜ ዓይናቸውን ስለጋረደው ሰውን የሚለዩት በድምፁ፣ ሰዓቱን የሚያውቁት በዶሮ ጩኸትና በደወል ነበር። መሬታቸውን ለእኩል አራሾች ሰጥተዋል። አራሹ ያርሳል፣ ይዘራል፣ ያጭዳል፣ ይወቃል፤ ምርቱ አውድማ ላይ ሲሰፈር ግማሹ ለአራሹ፣ ግማሹ ለእመቤቲቱ ይሆናል። የእርሳቸውን ድርሻ ተረክቦ፣ በአህያ አስጭኖ ጎተራ የሚያስገባ፣ ያስገባውንም በመዝገብ የሚጽፍ አንድ መጋቢ ነበራቸው።

በየዓመቱ ጥምቀት ካለፈ በኋላ መጋቢው መዝገቡን ይዞ ይመጣል። እመቤቲቱ መደብ ላይ ተቀምጠው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ።

«ከዋርካው ሥር ማሳ፣ ስምንት ዳውላ። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ዘጠኝ ዳውላ። ከጉብታው፣ አሥራ አንድ ዳውላ…»

ንባቡ ሲያልቅ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ይጠይቃሉ።

«ያነበብከው ሁሉ ጎተራ ውስጥ አለ?»

«አለ፣ እሜቴ።»

«እግዚአብሔር ይስጥህ።»

እንዲህ እየተባለ አሥራ ሁለት ዓመት አለፈ። በአሥራ ሦስተኛው ዓመት፣ ነሐሴ ላይ፣ ዝናቡ ጣራውን እየደበደበ ሳለ እንጀራ ጋጋሪዋ እጇን በቀሚሷ እያበሰች ገባችና «እሜቴ፣ ጎተራው ተሟጠጠ» አለቻቸው።

እመቤቲቱ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰዳቸውም። ጣታቸውን እያጠፉ አሰቡ። ያለፈው ዓመት ዝናብ መልካም ነበር፤ አንበጣ አልወረደም፤ ውርጭ አልመታም። ከማዕዳቸው የሚቀርበው ሰው እንደ ድሮው ነው፤ እንዲያውም ሁለት ሰው ቀንሷል። ባላቸው በሕይወት ሳሉ ይኸው መሬት፣ ይኸው ቤተሰብ ሆኖ የዓመቱ እህል መስከረምን አልፎ ጥቅምት ይደርስ ነበር። መሬቱ አልጠበበ፣ አፉ አልበዛ፤ እህሉ ለምን አነሰ?

የቀጣዩ መኸር እህል ተወቅቶ ጎተራ ከገባ በኋላ፣ በደብሩ በእውነተኛነቱ የታወቀውን አንድ ወጣት ዲያቆን አስጠሩት።

«ልጄ፣ መጋቢው ያነበበልኝ እህል በእርግጥ መኖሩን አይተህ ንገረኝ።»

ዲያቆኑ ሥራውን በደንብ ሠራ። መዝገቡን በብብቱ ይዞ ሁለት ሰፋሪዎች አስከትሎ ወደ ጎተራዎቹ ሄደ። በዚያ አገር ሃያ ቁና አንድ ዳውላ ነው፤ ዲያቆኑም ከእያንዳንዱ ጎተራ እህሉን አስወጥቶ ቁና በቁና አሰፈረ። አቧራው ጉሮሮው ውስጥ ተጋገረ፤ ዓይኑ ቀላ። አንዲት መስመር እንኳ አልዘለለም። የመጀመሪያው ጎተራ በመዝገቡ 20 ዳውላ ይላል፤ ሲሰፈር 20 ሆነ። ሁለተኛው 16 ይላል፤ 16 ሆነ። ሦስተኛው 10 ይላል፤ ሲሰፈር ግን 6 ብቻ ተገኘ። ተሳስቼ ይሆናል ብሎ እንደገና አሰፈረ። ያው 6 ሆነ።

መጋቢው ተጠራ። ከእመቤቲቱ እግር ሥር ወደቀ። «ቸግሮኝ ነው፣ እሜቴ። የእህቴን ልጅ ስድር አራት ዳውላ ወሰድኩ። እመልሳለሁ።» ሳምንት ሳይሞላ አራቱ ዳውላ ተመለሰ። አገሩ ሁሉ ዲያቆኑን አመሰገነ፤ ምርመራ እንዲህ ነው ተባለለት። መጋቢውም አንገቱን ደፍቶ ሰነበተ፤ ሰውም እንደ ተጸጸተ ሰው አየው። ዲያቆኑ እመቤቲቱ ፊት ቆሞ እንዲህ አለ፦

«አሁን በመዝገቡ የተጻፈው እህል፣ እያንዳንዷ መስመር፣ ጎተራው ውስጥ አለች። በቅዱስ ሚካኤል ስም እምልልዎታለሁ።»

እመቤቲቱ ረጅም ጊዜ ዝም አሉ።

«እውነቱን ነግረኸኛል፤ ተባረክ» አሉት በመጨረሻ። «አራት ዳውላ ግን ብቻዋን ጥቅምትን ወደ ነሐሴ አታመጣውም። ደግሞ ሳስበው፣ ልጄ፣ አንተ የነገርከኝ መጋቢው የነገረኝን ነው። አጥብቀህ ነገርከኝ እንጂ ሌላ ነገር አልነገርከኝም።»

ዲያቆኑ የሚመልሰው አጣ።

ከምድጃው ዳር የእንጀራ ጋጋሪዋ ልጅ ቆሎ ትቆላ ነበር። እስካለፈው ዓመት ድረስ በግ ጠባቂ ነበረች። ብረት ምጣዱን ከእሳቱ አወረደችና፣

«እሜቴ፣ ይቅር ይበሉኝና አንድ ነገር ልናገር» አለች።

«ተናገሪ።»

«ማታ ማታ በጎቹን የማስገባው በበረቱ በር እየቆጠርኩ ነበር። ጠዋት ሠላሳ አውጥቼ ማታ ሠላሳ ከገቡ፣ ሞላ ብዬ እዘጋለሁ። አንድ ቀን ግን አንዲቷ ጫካ ውስጥ ወልዳ፣ ግልገሏ መቆም አቅቶት እዚያው ቀርቶ፣ እርሷ ከመንጋው ጋር ገባች። ቆጠርኩ፤ ሠላሳ። ምንም አልጎደለም። ግልገሉ ጠዋት ስላልተቆጠረ ማታ እንዴት ይጎድላል? ያን ጊዜ ጅብ ቢበላው ኖሮ እንደተወለደም የሚያውቅ አልነበረም።»

«አንቺ ታዲያ በምን አወቅሽ?»

«ቁጥሩን ትቼ እናቲቱን አየሁ። ጡቷ አግቷል። ፊቷን ወደ ጫካው መልሳ ትጮኻለች። እኔም በመጣችበት መንገድ ተመልሼ ሄድኩ።»

እመቤቲቱ ድምፁ ወደመጣበት ዞሩ። «በይ ነገ ሂጂ» አሏት። «መዝገቡን ዲያቆኑ ያነብልሽ?»

«አይሆንም፣ እሜቴ። መጀመሪያ መዝገቡን ከሰማሁ፣ የምፈልገው የሰማሁትን ብቻ ይሆናል።»

በማግስቱ ልጅቷ ወደ ጎተራዎቹ ዞር ሳትል በቀጥታ ወደ መሬቱ ወረደች። ጊዜው አውድማው ሁሉ ባዶ የሆነበት፣ በእበት የተለቀለቀው ክብ ፀሐይ ላይ የሚሰነጠቅበት ጊዜ ነው። እህሉ ከሄደ ቆይቷል። እርሷ የምታየው ጭዱን ነበር። እህል ይሸሸጋል፤ በሌሊት ይጫናል፣ ገበያ ወርዶ ጨውና ጥጥ ሆኖ ይመለሳል። የጭድ ክምር ግን ለከብቶቹ ሲባል ከአውድማው ዳር ተከምሮ ይከርማል፤ ማንም ሊሸሽገው አያስብም። ልጅቷ የርስቱን ወሰን ከዳር እስከ ዳር እየዞረች የጭዱን ክምር ቆጠረች።

ቤት ውስጥ ሁልጊዜ የሚወራው ስለ አምስት ማሳ ነበር። እርሷ የቆጠረችው ክምር ሰባት ሆነ። ሁለቱ የነበሩት ወንዙ ዳር ነው፤ ያ መሬት ደግሞ ከእሜቴ ባል ዘመን ጀምሮ ግጦሽ መሆኑን አገር ያውቃል።

ከዋርካው ሥር ወዳለው ሽማግሌ አራሽ ቤት ገባች።

«አባባ፣ ዘንድሮ ለእሜቴ ስንት ዳውላ ሰፈሩ?»

ሽማግሌው ሳይመልሱላት ተነሥተው ከግድግዳው ችንካር ላይ አንድ ቅል አወረዱ። «አንድ ዳውላ በሞላ ቁጥር አንድ ጠጠር እጥላለሁ፣ ልጄ። አባቴም እንዲህ ያደርግ ነበር። ሙግት ቢነሣ ምስክሬ ይኸው ነው።» ጠጠሮቹን መሬት ላይ አፈሰሱላት። 11 ናቸው።

ልጅቷ በዚህ አላበቃችም። ሽማግሌው የሚሳሳቱ ወይም የሚኩራሩ ቢሆኑስ? እህሉን ያጓጓዘውን አህያ ነጂ ፈልጋ አገኘች። ስንት ጊዜ እንደተመላለሰ ጠየቀችው። የሚከፈለው በጭነት ስለሆነ አንዷንም አልረሳም፤ ቁጥሩ ከጠጠሮቹ ጋር ገጠመ። ቅሉን ተውሳ ይዛ ሄደች። በየማሳው እንዲሁ አደረገች፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ 9፣ ከጉብታው 14፣ ከአባጣው 8፣ ከቀይ አፈሩ 10።

ከወንዙ ዳር ያለው የመጀመሪያው አራሽ ሲያያት ደነገጠ።

«እዚህ ግጦሽ ነው» አላት።

«ታዲያ ይህ የጤፍ ጭድ ከየት መጣ?»

ሰውየው ክምሩን አየ፣ እርሷን አየ፣ ከዚያ ቁጭ አለ። ክፉ ሰው አልነበረም። መጋቢው «እሜቴ ፈቅደውልሃል፤ ሌሎቹ እንዳይቀኑ ግን ለማንም አትንገር» ብሎት ነው። እኩሉን በታማኝነት ሰፍሯል፤ መጋቢው ሲረከበው ለእመቤቲቱ የደረሰ መስሎት ነበር። የእርሱ ቅል 7 ጠጠር ነበረበት። የጎረቤቱ ቤት ቅል አልነበረም፤ ሚስቱ ግን ዳውላ በተጫነ ቁጥር በመቃኑ ላይ በከሰል አስምራለች። ልጅቷ መስመሮቹን በጣቷ እየነካች ቆጠረች፤ 12 ጠጠር ከወንዙ ለቅማ በአንድ ቅል ከተተች።

መዝገቡ ዳግም የሚነበብበት ቀን ሆነ። እመቤቲቱ እንደ ልማዳቸው መደቡ ላይ ተቀመጡ። መጋቢው ግራ በኩል ቆሟል፤ ዲያቆኑ መዝገቡን ዘርግቷል፤ ልጅቷ ሰባት ቅል ከፊቷ ደርድራ መሬት ላይ ተቀምጣለች።

«ከዋርካው ሥር ማሳ፣ ስምንት ዳውላ» አለ ዲያቆኑ።

ልጅቷ ከመጀመሪያው ቅል ስምንት ጠጠር አወጣች። ሦስት ቀረ።

«ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ዘጠኝ ዳውላ።»

ዘጠኝ አወጣች። ቅሉ ባዶ ሆነ።

«ከጉብታው፣ አሥራ አንድ ዳውላ።» ሦስት ቀረ። «ከአባጣው፣ ስምንት።» ባዶ። «ከቀይ አፈሩ፣ አሥር።» ባዶ። ዲያቆኑ መዝገቡን ዘጋ።

«አለቀ?» አሉ እመቤቲቱ።

«አለቀ፣ እሜቴ።»

ልጅቷ ሁለቱን ቅሎች እንዳሉ አየቻቸው፤ አንድም ጊዜ አልተነኩም። ከየቅሉ የተረፈውን ጠጠር ሁሉ በአንድ ቅል አጠራቅማ ተነሣችና በእመቤቲቱ እጅ ላይ አኖረችው። እሜቴ ቅሉን ወደ ጆሯቸው አስጠግተው ነቀነቁት። ተንኳኳ። ቤቱ ውስጥ ትንፋሽ አልተሰማም። ደግመው ነቀነቁት።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ያልተነበበልዎት ነው፣ እሜቴ። ሃያ አምስት ዳውላ።»

መጋቢው ግድግዳውን ተደግፎ ቁልቁል ተንሸራተተ። ዲያቆኑ እንደ ወረቀት ነጣ። «እኔ እኮ ሦስት ቀን ሙሉ ሰፍሬያለሁ» አለ ድምፁ እየተንቀጠቀጠ። «አንዲት ቁና አልዘለልኩም።»

«አልዘለልክም» አሉት እመቤቲቱ። «የጠየቅኩህን መለስክልኝ። ግማሽ የነበረው የእኔ ጥያቄ ነው። የተጻፈው አለ ወይ ብዬ ጠየቅኩህ፤ ያለው ተጽፏል ወይ ብዬ አልጠየቅኩህም።»

በቀጣዩ ዓመት ሁለቱም ተላኩ፤ ዲያቆኑ ከመዝገቡ ተነሥቶ ወደ ጎተራው፣ ልጅቷም ከአውድማው ተነሥታ ወደ መዝገቡ።

ይህን ምሳሌ የምነግረው አዲስ አበባ ውስጥ ማታ ማታ ለሙያ ፈተና ኦዲት ለሚያጠኑ ልጆች ነው። ኦዲት የሚለው ቃል ራሱ «መስማት» ከሚለው የላቲን ግሥ የመጣ ነው። በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝ የባለርስቱ መጋቢ ሒሳቡን ጮክ ብሎ ያሰማ ነበር፤ ኦዲተሩም ተቀምጦ ያዳምጥ ነበር። እሜቴ ከኦዲት ሙያ ጋር የሚገናኙት በዓይናቸው መጋረድ ሳይሆን በጆሯቸው ነው፤ የሙያው ከባድ ጥያቄም ከዚያ ይጀምራል፤ የማይነበበውን በምን እንሰማዋለን?

እኔ ኤሲሲኤ የሚባለው ዓለም አቀፍ የሒሳብ ባለሙያዎች ማኅበር የሚሰጠውን የኦዲት ፈተና መጀመሪያ ስቀመጥ 43 አገኘሁ። ማለፊያው 50 ነው። ያላጠናሁት ምዕራፍ አልነበረም። ከአይ ኤስ ኤ 200 እስከ አይ ኤስ ኤ 705 ያለውን ዓለም አቀፍ የኦዲት መስፈርት በየቁጥሩ እጠራለሁ፤ በአይ ኤስ ኤ 315 ያሉትን አሰርሽኖች፣ ማለትም ድርጅቱ ሒሳቡን ሲያቀርብ «አለ፣ ሙሉ ነው፣ የእኔ ነው፣ ዋጋው ትክክል ነው፣ በዘመኑ ገብቷል» እያለ በውስጠ ታዋቂ የሚናገራቸውን ቃላት፣ በየመጀመሪያ ፊደላቸው ቃል ሠርቼ ሸምድጄ ነበር። ፈተናው ግን የዕዳ ሒሳብ ሙሉ መሆኑን በምን ታረጋግጣለህ ብሎ ሲጠይቀኝ፣ «ከአበዳሪዎች ዝርዝር መርጦ ከፋክቱር ጋር ማመሳከር» ብዬ ጻፍኩ። ንጹህ እንግሊዝኛ፣ ትጉህ ሥራ ነው። የዲያቆኑም ሥራ እንዲሁ ነበር። ከዝርዝሩ ከተነሣሁ የማገኘው ዝርዝሩ ውስጥ ያለውን ብቻ ነው። መቶ በመቶውን ብመርጥም አንዲት ያልተጻፈች ዕዳ አትወጣም፤ ናሙና የሚመረጥበት ክምር ራሱ ካልሞላ የናሙናው ብዛት አያድንም። ለዚህ ነው አይ ኤስ ኤ 530 ናሙናው የሚወጣበት ስብስብ ለዓላማው የሚስማማና ሙሉ መሆኑን ኦዲተሩ እንዲያስብበት የሚፈልገው።

ዲያቆኑን ግን አልነቅፈውም፤ እንዳትነቅፉትም እለምናለሁ። የእርሱ መንገድ ሳይኖር የደረሰው ጥፋት በታሪክ ተጽፏል። በ1938 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የመድኃኒት ነጋዴው የማኬሰን ኤንድ ሮቢንስ ሒሳብ ሲመረመር ከ87 ሚሊዮን ዶላር ንብረቱ ውስጥ ወደ 19 ሚሊዮን የሚጠጋው በወረቀት ላይ ብቻ ያለ ነበር፤ እዚያ መጋዘን ሄዶ ያየ ኦዲተር አልነበረም። ኦዲተር ቆጠራ ላይ መገኘትና ባለዕዳዎችን በቀጥታ መጠየቅ የሙያው ግዴታ የሆነው ከዚያ በኋላ ነው። የተጻፈው አለ ወይ የሚለው ጥያቄ ዋጋው ይህን ያህል ነው። ሀብት ሲጋነን ዲያቆኑ ያገኘዋል። ዕዳ ሲደበቅ፣ ሽያጭ ሳይመዘገብ ሲቀር ግን ልጅቷ ታስፈልጋለች። እኔን የሚያሰጋኝ ደግሞ አራቱ ዳውላ ነው። ዲያቆኑ እውነተኛ ጉድለት አገኘ፤ ጉድለቱ ተሞላ፤ ከዚያ በኋላ ሁሉም ሰው ሌላ የሚጠየቅ ያለ አልመሰለውም። በሥራ ዓለም ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ትንሽ ግኝት ትልቁን ጥያቄ ታስተኛለች። እመቤቲቱን ያላስተኛቸው የመሬቱ፣ የአፉና የወሩ ሒሳብ ነበር፤ እኛ ደግሞ የትንተና ሥነ ሥርዓት ብለን የምንጠራው ይህንኑ ነው።

በእኛ አገር የሽማግሌው ቅል መልኩ ብዙ ነው። አቅራቢው ራሱ የሚልከው የሒሳብ መግለጫ አንዱ ነው፤ በድርጅቱ መጋቢ እጅ አልተጻፈምና ይበልጥ ይታመናል። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሆነ ሞዴል 19 አለ፤ እቃ ገቢ የሆነበት ቅጽ። ተከታታይ ቁጥሩን አይቶ ከመካከል የጎደለችውን መፈለግ፣ ከዚያም እያንዳንዱ ገቢ በመዝገብ መድረሱን መከተል። የጭዱ ክምር ደግሞ ከዘመኑ መዝጊያ በኋላ ያሉት ሳምንታት ናቸው። ሐምሌ ላይ የተከፈለ ገንዘብ የሰኔን ዕዳ ይመሰክራል፤ ሰኔ ላይ ያልጻፈው ሰው ሐምሌ ላይ መክፈል ግድ ይሆንበታል። አዋጅ ቁጥር 847/2006 ከወጣና የሒሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ከተቋቋመ ወዲህ በአገራችን የዓለም አቀፍ መስፈርቶቹን ጠንቅቆ የሚያውቅ ባለሙያ ፍላጎት በርትቷል፤ ልጆቹም ከሥራ መልስ ደክሟቸው የሚመጡት ለዚህ ነው። ድካማቸውን በማክበር የምጠይቃቸው አንድ ነገር አለ፤ መልስ ከመጻፋቸው በፊት «ከየት ልነሣ?» ብለው እንዲጠይቁ። ሥነ ሥርዓቱን የሚያቃናው የመነሻው ቦታ ነው፤ ሁለት ዓረፍተ ነገር ተመሳሳይ ቃላት ይዘው፣ በመነሻቸው ብቻ አንዱ መኖርን አንዱ ሙሉነትን ይመረምራል።

ባለፈው ሳምንት ከልጆቹ አንዷ፣ በአንድ ድርጅት ሒሳብ ክፍል የምትሠራ፣ የልምምድ ጥያቄ ስትመልስ ከኋላዋ ቆሜ አየሁ። ጥያቄው ያው የእኔ የድሮ ጥያቄ ነበር። «ከአበዳሪዎች ዝርዝር ውስጥ መርጦ» ብላ ጀመረች። እስክርቢቶዋ ቆመ። ወደ ላይ አየች፤ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ መስመሩን ሰርዛ ከሥሩ እንዲህ ጻፈች፦ «ከዘመኑ መዝጊያ በፊት ከተቆረጡት የእቃ መቀበያ ሰነዶች ውስጥ መርጦ፣ የእያንዳንዱ ዕዳ በአበዳሪዎች ዝርዝር መግባቱን ማረጋገጥ።»